ካርድ ፍቆ ቁጥሩን ማንበብ፦ ኤም-ፔሳ ከየት መጣ?

(ምስል፦ የሞባይል ካርድ በሳንቲም ሲፋቅ፣ በጣም ከቅርብ)

ካርድ በሳንቲም ፍቃችሁ ቁጥሩን በስልክ ያነበባችሁለት ሰው ይኖር ይሆናል። «ሰባት፣ ሁለት፣ ሁለት… ቆይ፣ አራት ነው ዘጠኝ? ተፍቆ ጠፋብኝ።» በወዲያኛው ጫፍ ክፍለ ሀገር ያለች እናት፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገባ ታናሽ ወንድም ብዕር ይዞ ይጽፋል። ያኔ ማናችንም «ገንዘብ በስልክ ላክሁ» ብለን አላሰብንም። ካርድ ላክን፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ግን በዩጋንዳ፣ በቦትስዋናና በጋና የስልክ አጠቃቀምን ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህችን ነገር ቆም ብለው አዩዋት። በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከተማ ያለው ሰው ካርድ ይገዛል፤ ሂሳቡን ወደ ገጠር ይልካል፤ ተቀባዩ አይደውልበትም፤ ለጎረቤቱ ወይም ለሰፈሩ ባለሱቅ ሸጦ ጥሬ ገንዘብ ያደርገዋል። ማንም ኩባንያ እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ባንክ ሩቅ ነው፣ ስልክ ኪስ ውስጥ አለ፤ ሰው የራሱን መላ መታ።

የንግድ ሐሳብ ከየት ይመጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህንን መላ ነው። ወጣቶች ሐሳብ ፍለጋ ክፍል ዘግተው፣ ነጭ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ሲጨነቁ አያለሁ፤ ያሳዝኑኛል። ሰው በየቀኑ የሚቸገርበትን ነገር እንደምንም ጠጋግኖ እየኖረበት ነው። ጥገናው ውጭ ነው ያለው፤ ሱቅ ውስጥ፣ መናኸሪያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ። ወጥቶ የሚያየው ነው የጠፋው።

(ምስል፦ የአውቶቡስ መናኸሪያ፤ ሰው ለሹፌር ፖስታ ሲያቀብል)

ወደ ኬንያ እንሂድ። በዚያ ዘመን ናይሮቢ የሚሠራ ሰው ለገጠር ወላጆቹ ገንዘብ የሚልክበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፖስታ ቤት ይሰለፋል፤ ወይም ገንዘቡን አሽጎ ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጣል፤ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ እስኪገኝ ይጠብቃል። ሹፌሩ ጋ ያለው ፖስታ ይዘገያል፣ ይጎድላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይደርስ ይቀራል።

የእንግሊዙ የስልክ ኩባንያ ቮዳፎን ባልደረባ የነበረው ኒክ ሂዩዝ ስልክን ባንክ ለማያውቀው ሰው የገንዘብ አገልግሎት ማዋል ይቻላል ብሎ ተነሣ። ትልቅ ኩባንያ ቶሎ ለማያተርፍ ሙከራ በጀት መስጠት ይከብደዋል። የእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ካቋቋመው የውድድር ፈንድ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገኘ፤ ቮዳፎንም የበኩሉን ጨመረ። ከዚያም ሱዚ ሎኒ የተባለች የሞባይል ንግድ ባለሙያ ወደ ናይሮቢ ተላከች።

መጀመሪያ የሠሩት ምርት ግን ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ሐሳባቸው ከማይክሮፋይናንስ የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲቀበሉና በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ፋውሉ ኬንያ ከተባለ አበዳሪ ድርጅት ጋር ተስማምተው በጥቅምት 2005 ሙከራ ጀመሩ። ትንሽ ሙከራ ነው፦ በናይሮቢና በቲካ ከተማ ጥቂት ሱቆች፣ ከ500 ያልበለጡ ደንበኞች።

ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር ነበር። መሬት ሲወርድ ሁለት ነገር ገጠመው። የፋውሉ ተበዳሪዎች በቡድን ተደራጅተው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ፣ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ነበር የሚከፍሉት። ክፍያው በስልክ ከሆነ ለስብሰባ መምጣት ለምን ያስፈልጋል? ሰው መቅረት ጀመረ። የቡድኑ ጉልበት ደግሞ እዚያው ስብሰባው ላይ ነበር፤ ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ሁለተኛው ችግር ሂሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በስልክ የገባውን ክፍያ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማስታረቅ በእጅ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አልተሳካም» ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል። ወይም ደግሞ እልህ ይይዘውና ያንኑ ብድር መክፈያ ያሻሽላል፣ ቀለሙን ይቀይራል፣ ሥልጠና ይጨምራል። እነዚህ ሰዎች ግን ደንበኞቹ ምን እያደረጉበት እንደሆነ አዩ።

(ምስል፦ አንዲት ሴት በትንሽ ስልክ ቁልፍ ስትጫን፤ የስክሪኑ ብርሃን ፊቷ ላይ)

አንዷ ባሏ መንገድ ላይ ተዘርፎ ባዶ እጁን ቀርቷል፤ የአውቶቡስ መሳፈሪያ በስልኩ ላከችለት። ነጋዴዎች እርስ በርስ ክፍያ ይፈጽሙበት ነበር። አንዳንዱ የቀኑን ሽያጭ ይዞ ማደር ፈርቶ ማታ ያስገባል፣ ጠዋት ያወጣል፤ ለሱ የሌሊት ካዝና ሆኖለታል። ሌላው መንገድ ሊወጣ ሲል መነሻው ላይ ያስገባና ከሰዓታት በኋላ መድረሻው ላይ ያወጣል፤ ሌባ ቢፈትሸው ኪሱ ባዶ ነው። ከእነዚህ አንዱም በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው። ድጎማውን ያገኙት ለብድር ነው፤ ሥርዓቱን የገነቡት ለብድር ነው፤ የተፈራረሙት ከአበዳሪ ጋር ነው። ያን ሁሉ ትተው ከሰዎቹ ጋር ሄዱ። በመጋቢት 2007 ቮዳፎን ድርሻ ያለበት የኬንያው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን ለመላው ኬንያ ሲከፍት ማስታወቂያው ስለ ብድር አንዲት ቃል አልነበረውም። «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» ነበር የሚለው። ስሙ ኤም-ፔሳ፤ «ኤም» ሞባይል፣ «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ። ምርቱ ወደ ሦስት ነገር ወረደ፦ ማስገባት፣ መላክ፣ ማውጣት። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበበት።

አሠራሩም በጣም ርካሹ ስልክ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የምርጫዎቹ ዝርዝር ሲም ካርዱ ላይ ነው ያለው። የእኛዋ ሳምራዊት ፍቅሩም ራይድን ስታቋቁም ያደረገችው ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና ይጠራል። ደንበኛው በያዘው ስልክ መጀመር ነው፤ እንዲይዝ በምንመኝለት አይደለም።

(ምስል፦ ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን በሥዕል፤ አንዱ ከተማ፣ አንዱ ገጠር)

አሁን ወደ ማይታየው ክፍል እንግባ፤ ጊዜ ሰጥቼ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህን ነው። ኤም-ፔሳ ሲባል ሁሉም ሰው ስልኩን ያስባል። ስልኩ ቀላሉ ነው። ከባዱ ወኪሉ ነው፤ ያ መሳቢያው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠው ባለሱቅ።

ወኪሉ ሥራ ሲጀምር ከራሱ ኪስ ገንዘብ አውጥቶ በስልኩ ላይ የሚቀመጥ የኤም-ፔሳ ሂሳብ ይገዛል። ከዚያ ሁለት ነገር በእጁ አለ፦ በመሳቢያው ብር፣ በስልኩ ሂሳብ። ደንበኛ ሊያስገባ ሲመጣ ብሩ ይጨምራል፣ ሂሳቡ ይቀንሳል። ሊያወጣ ሲመጣ ሂሳቡ ይጨምራል፣ ብሩ ይቀንሳል። በእያንዳንዱ ላይ ኮሚሽን አለው።

እስቲ የደመወዝ ሰሞን አስቡት። ናይሮቢ ያለው ወኪል ጋ ሰልፉ ሁሉ የሚያስገባ ነው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ መላክ ፈልጓል። እኩለ ቀን ሲሆን መሳቢያው በብር ሞልቷል፣ ስልኩ ላይ ያለው ሂሳብ ግን አልቋል። «አልቋል፣ ነገ ና» ይላል። በዚያው ሰዓት ገጠር ያለው ወኪል ጋ ሰልፉ ሁሉ የሚያወጣ ነው። እሱ ደግሞ ስልኩ በሂሳብ ተሞልቷል፣ መሳቢያው ባዶ ነው። አንዲት እናት ልጇ የላከላት መልእክት በስልኳ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታያት፣ በእጇ ግን ምንም ሳትይዝ ልትመለስ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነች ሁለተኛ አታምነውም፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ ሰው አንዴ ካኮረፈ አይመለስም።

ስለዚህ የምርቱ ግማሽ ይህን ሚዛን መጠበቅ ነበር፦ ከተማ የበዛውን ብር ወደ ገጠር ማድረስ፣ ገጠር የበዛውን ሂሳብ ወደ ከተማ መመለስ። ባንኮች ገቡበት፤ ብዙ ሱቆችን በሥራቸው የሚይዙ ትላልቅ ወኪሎች ተፈጠሩ። ሳፋሪኮም አስቀድሞ በየመንደሩ ካርድ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩት፤ ወኪል ለማድረግ ሲፈልግ ከዜሮ አልጀመረም። የኬንያ ደንበኛ አብዛኛው የሱ ነበር፤ ይህም ትልቅ ዕድል ነው፣ መካድ አያስፈልግም።

ከዚያ እምነት አለ። ደንበኛው ላኪም ሆነ ተቀባይ ወዲያው የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል፤ መጠኑና ስሙ ተጽፎበታል። ወኪሉ ጠረጴዛ ላይ የወረቀት መዝገብ አለ፤ ደንበኛው ይፈርማል። ኮምፒውተሩ ሁሉን እየመዘገበው ሳለ ወረቀቱ ለምን? ሰው በእጁ የፈረመበትን ነገር ያምናል። የደንበኞቹ ገንዘብ ደግሞ ሳፋሪኮም እንዳይነካው በባንክ በአደራ ሂሳብ ተቀመጠ።

(ምስል፦ የደቡብ አፍሪካ ሱፐርማርኬት፣ የገንዘብ መላኪያ መስኮት)

ታዲያ ይህን ሁሉ ቀድቶ ሌላ አገር መክፈት አይበቃም? ተሞክሯል። በ2010 የደቡብ አፍሪካው የስልክ ኩባንያ ቮዳኮም ኔድባንክ ከተባለ ባንክ ጋር ሆኖ ኤም-ፔሳን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከፈተ። በሦስት ዓመት 10 ሚሊዮን ደንበኛ እናገኛለን ተብሎ ነበር። በ2014 እንደገና አድሰው ሞከሩት። በ2016 ሲዘጋ በትክክል የሚጠቀምበት ሰው 76,000 ገደማ ነበር።

ስሙ ያው፣ ሥራው ያው፣ ገንዘብም አልጎደለም። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ አዋቂ አብዛኛው የባንክ ደብተር ነበረው። ለሌለውም ሱፐርማርኬቶች ከመደርደሪያው ጎን ገንዘብ ይልኩለት ነበር፤ ባንኮቹም በስልክ ቁጥር መላክ ጀምረዋል። ናይሮቢ ውስጥ ያ የታሸገ ፖስታ ይዞ ሹፌር የሚለምን ሰው ጆሃንስበርግ ላይ በዚያ ብዛት አልነበረም። ምርቱ ተሻግሯል፤ ችግሩ ግን አብሮት አልተሻገረም።

እኛ ጋ ቴሌብር በግንቦት 2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2023 ሲመጡ መንገዱ በሌሎች ተጠርጎ ነበር። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ኤም-ፔሳ ልሥራ» ለሚሉኝ ልጆች የምላቸው አንድ ነው፦ ያኛው መላ ተገኝቷል፤ ገና ያልታየ ጥገና ፈልጉ።

(ምስል፦ የሰፈር ሱቅ፤ በአጠቃቀም ያረጀ ደብተር፣ በክር የታሰረ ስክሪብቶ)

እኔ ራሴ በቅርቡ ሰፈሬ ካለ ባለሱቅ ጋ ሦስት ጠዋት ተቀመጥኩ። አስፈቅጄ ነው። ማየት የፈለግኩት የዱቤ ደብተሩን ነው። ሰዎቹ በስማቸው አልተጻፉም፤ «ቀይ በር»፣ «ነርሷ»፣ «የአስተማሪው ሚስት»። ከጎኑ ዘይት፣ ስኳር፣ ኦሞ፣ የከፈለው በረጅም መስመር ይሰረዛል። ልጅ ይላካል፤ «እማዬ ሁለት ዳቦ ስጠኝ ብላለች» ይላል፤ ባለሱቁ ይሰጠዋል፣ ቀና ሳይል ይጽፋል። እኔ በልቤ አፕሊኬሽኑን መሥራት ጀምሬ ነበር፦ ስም፣ የዕዳ መጠን፣ ቀን ሲደርስ በራሱ የሚላክ ማስታወሻ።

በሦስተኛው ጠዋት አንድ ነገር አየሁ። ከአንዳንዱ ስም በፊት ትንሽ ነጥብ አለ።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«እሷን አትጠይቅ ማለት ነው» አለኝ። «ባለቤቷ ከሥራ ወጥቷል። ስታገኝ ራሷ ታመጣለች።»

በሐሳቤ የሠራሁት አፕሊኬሽን ለዚያች ሴት በወሩ መጨረሻ የዕዳ መልእክት ይልክላት ነበር። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ መንገድ ትሄዳለች፣ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል፣ እኔም ደንበኛዬን።

ደብተሩ ላይ ከነጥቡ ሌላ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ በቀይ የተከበበ ስም ነው፣ ሌላው ጫፉ የታጠፈ ገጽ። ትርጉማቸውን ገና አልጠየቅሁትም። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት እዚያ ነኝ።