ዝናብ የማይጠብቅ ወባ

እንደምን ከረማችሁ ወዳጆቼ፣ ከድሬ ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ ሥራዬ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

እንደምታውቁት ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ምርምር የምሠራው ግን ከጤና፣ ከውኃ ምህንድስናና ከሶሲዮሎጂ ሰዎች ጋር ነው። በየስብሰባው «ዘርፎችን ያቀናጀ ምርምር» ሲባል እንሰማለን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌሎቹ ጥያቄውን ይጨርሱና ወደ እኛ ይመጣሉ፤ «ዳታው ይኸው፣ አንድ ሞዴል ሥሩልን» ይሉናል። በዚያ ሰዓት መጠራት ረፍዷል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል በወባ ላስረዳችሁ።

በአገራችን አብዛኛው ቦታ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይዘንባል፣ ውኃ ያቁራል፣ ትንኙ ይራባል፣ ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያው ይሞላል። ስለዚህ የትንበያ ሞዴል (ካለፈው መዝገብ ተምሮ የሚመጣውን የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሲሠራ መጀመሪያ የሚገባው የዝናብና የሙቀት ዳታ ነው። ከሳተላይት በነጻ ይገኛል፤ ለእኛም ይመቸናል፣ ቢሮ ቁጭ ብለን እናወርደዋለን።

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ወረርሽኙ የተነሳው በበጋ ነው፤ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ በነበረበት ወራት። የአርመር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ያጠኑት ሲሆን፣ ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኔቸር ሜዲስን በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያና በአንድ የከተማ ቀበሌ የታመሙትን ሰዎች ተከትለው አካባቢያቸውን ሲፈትሹ፣ በብዛት ያገኙት ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነበር። ይህ ትንኝ መነሻው እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ እኛ አገር ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። ረግረግ አይፈልግም፤ በርሜል ይበቃዋል። ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ክዳን የሌለው ባልዲ... ይበቃዋል!

እስቲ አስቡት። የሳተላይቱ የዝናብ ዳታ መሬቱን በካሬ ይከፋፍላል፤ የአንዱ ካሬ ጎን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚራና መጋላ የሚባሉት የድሬ ሰፈሮች ደቻቱን ተሻግረው አንድ ካሬ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። በርሜሉን ከየት ያየዋል? ቢያየውስ፣ በርሜሉን የሞላው ዝናብ አይደለም፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ እናቶች ናቸው የሞሉት። (ለጎርፍ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ ውኃው የወረደው ከላይ ከደጋው ነው። ለዚያ የደጋውን ዝናብ ዓይን ሳይነቅሉ መከታተል ግዴታ ነው።)

እንግዲህ እኔ ብቻዬን ብሆን ዝናቡን አስገብቼ፣ የሞዴሉን ዓይነት እየቀያየርኩ ወራት እፈጅ ነበር። ቡድናችን ውስጥ «የውኃ ፈረቃውስ?» ብላ የጠየቀችው የውኃ ምህንድስና ባልደረባችን ናት። ውኃ የትኛው ሰፈር፣ በስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት ይመጣል? ሰው ስንት ቀን ያስቀምጠዋል? ይህ ከሳተላይት አይወርድም። ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሄዶ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጠይቆ የሚገኝ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የሶሲዮሎጂው ጓዳችን ትልቅ ነገር አነሳ፦ የማን ግቢ ውስጥ ክፍት በርሜል እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ብናወጣ፣ ያንን ቤተሰብ ጎረቤቱ ምን ይለዋል? ልክ ነበር። አሁን የምናስበው በቤት ሳይሆን በሰፈር ደረጃ ብቻ ለማሳየት ነው።

የመዝገቡም ነገር አለ። የሕመምተኛ ቀን በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሳተላይቱ በፈረንጅ ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ግን 12 ላይ። ይህንን ያላወቀ ኮድ በዚያ ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት ያለውን በአንድ ቀን ያዛባል። ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ከቆጠረ ደግሞ በየዓመቱ ወባ በድንገት የጠፋ ይመስለዋል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ከወባ «ነጻ» የምትለዋ የምርመራ ውጤት ናት። በብዛት ሲሠራበት የቆየው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ጥገኛ ተውሳኩ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። በዚያው የድሬ ጥናት ላይ የፕሮቲኑ ጂን የጎደላቸው ተውሳኮች ተገኝተዋል። ስለዚህ «ነጻ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ሁሉ ነጻ ላይሆን ይችላል፤ ሞዴላችንም ከዚያ መዝገብ ነው የሚማረው። ይህን የነገረኝ የላብራቶሪ ሰው ነው። ከኮዱ ውስጥ በምንም ተአምር አላገኘውም ነበር።

ታዲያ ይህን የሚሠራ የማስተርስ ተማሪ ዲፌንስ ላይ፣ የመመረቂያ ሥራውን በገምጋሚዎች ፊት ሊያስረዳ ሲቆም ምን ይጠየቃል? «አዲሱ አልጎሪዝም የቱ ጋ ነው?» አዲስ የስሌት ዘዴ ማለታቸው ነው። ጥያቄው ያናድደኛል። የፈረቃውን መርሐ ግብር ከነሰፈሩ መሰብሰብ፣ ሁለት አቆጣጠር ያለ ስህተት ማገናኘት፣ የትኛው «ነጻ» እንደሚያጠራጥር መለየት የመመረቂያ ሥራ ነው፣ ያውም ከባዱ። ገምጋሚ ሆናችሁ የምትቀመጡ መምህራን፣ እባካችሁ ለዚህ ነጥብ ስጡ። አማካሪም ከሁለት ክፍል ይመደብ፤ ተባባሪ አማካሪውም ለፊርማ ብቻ አይጠራ፣ ርዕሱ ሲመረጥ ይኑር።

በውኃ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ድሬም ሁኑ ሐረር፣ የድሮ የፈረቃ መርሐ ግብር በወረቀትም ቢሆን ካላችሁ አትጣሉት አቦ። ቅርባችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ ኮፒውን ስጡ፤ ወባን ለሚያጠኑት እንዲደርስ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ።