የኪስ ሰዓት ውስጥ ያለው ዘበኛ

[ምስል፦ ጀርባው የተከፈተ አሮጌ የኪስ ሰዓት]

ጤና ይስጥልኝ! እዚህ ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ አለ። የሚይዘው ከሌለ በጥቂት ሴኮንዶች ተፈትቶ ያልቃል። ስለዚህ ሞላው የሚያዞረውን ጎማ ጥርሶች አንድ በአንድ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል ተሠራለት። እኔ ዘበኛ እለዋለሁ። ቲክ ቲክ የሚለው እሱ ነው። ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘውን ክብ ሚዛንም እንዳትቆም ገፋ ገፋ ያደርጋታል።

[ምስል፦ የቨርጅ አኒሜሽን]

ይህ የጥንቱ ዘበኛ ነው፤ ቨርጅ ይባላል። ዘውድ የመሰለ ጎማ በቁሙ ቆሟል። የሚዛኗ ዘንግ ላይ ሁለት ምላሶች አሉ፤ ከአንዱ ያመለጠውን ጎማ ሌላው ይይዘዋል። እነዚያ ሰዓቶች ወፋፍራም የሆኑት በዚህ በቆመ ጎማ ምክንያት ነው። ችግሩ ግን ጎማው ሚዛኗን ለአፍታ እንኳ አለመልቀቁ ነው። ሞላው ሙሉ ሲሆን ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ሲደክም ይዘገያል። ይህን ለማስተካከል በሾጣጣ ላይ የሚጠመጠም ሰንሰለት ጨመሩበት። የብስክሌት ሰንሰለት ይመስላል፤ ውፍረቱ ግን የክር ያህል ነው። በእጅ የተሠራ መሆኑን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

[ምስል፦ ሲሊንደር]

ቀጥሎ ሲሊንደር የሚባለው ዘበኛ መጣ። በ1720ዎቹ ለንደን ውስጥ ሰዓት ሠሪው ጆርጅ ግራሃም አሻሻለው። ጎማው ተጋደመ፣ ሰዓቱም ቀጠነ። ጥርሱ ግን ጎኑ በተቆረጠ ቀጭን ቱቦ ላይ ሁልጊዜ ይፈተጋል። ዘይቱ ሲደርቅ ብረቱ ይበላል። አንዳንዶች ቱቦውን ከሩቢ ድንጋይ ሠሩት።

[ምስል፦ ሌቨር፣ በዝግታ]

እዚህ ጋ ቪዲዮውን ቀስ አድርጌዋለሁ፤ ልብ ብላችሁ እዩት። ቶማስ መጅ የግራሃም ተማሪ ነበር። በ1750ዎቹ በጎማውና በሚዛኗ መካከል ሹካ ያለው መንሻ (ሌቨር) አስገባ። ሚዛኗ ስትመጣ ሹካውን ትነካለች፣ ጥርስ ያመልጣል፣ እሷም ግፊቷን ተቀብላ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሚነካት የለም። በነፃነት ደርሳ ትመለሳለች። ለእኔ የሰዓት ሥራ ትልቁ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሚዛኗን መተው!

የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ እንዲህ ያለ የመጅ ሰዓት ለንግሥት ሻርሎት ሰጥቷታል። ሥራው ረቂቅ ስለነበር በሰፊው የተለመደው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬም አብዛኞቹ ባትሪ የሌላቸው የእጅ ሰዓቶች የሚሠሩት በሌቨር ነው።

አሁን ድምፁን ስሙት። በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 5 ጊዜ ይመታል።

[ድምፅ፦ ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ]