ብልሹ ዕቃ ሲመጣ ማን ይጠየቃል?

እንደምን አመሻችሁ! ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ኪት ካር፣ ማለትም ክፍሎቹ ተፈታተው በሣጥን የሚመጡ መኪና ገዝታችሁ በትርፍ ሰዓታችሁ የምትገጣጥሙ አላችሁ። ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ በሣጥን የመጣው ዕቃ ብልሹ ከሆነ ማን ይከፍላል?

ሻጮች የሚወዷት መልስ አለች። «እኛ አልሠራነውም፤ ከሌላ ፋብሪካ ገዝተን ነው የላክንላችሁ» ይላሉ። ይቺ ሰበብ አርጅታለች። ቢዊክ የተባለው የመኪና ኩባንያ ከመቶ ዓመት በፊት ሞክሯታል። የአንድ ደንበኛ መኪና የእንጨት ጎማው እየሄደ ተሰባበረና ሰውየው ተፈናጥሮ ወድቆ ተጎዳ። ጎማውን የሠራው ሌላ ፋብሪካ ነበር። የኒውዮርክ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1916 እ.ኤ.አ. ሰበቡን አልተቀበለም። ያለቀለትን መኪና ለገበያ ያወጣው ቢዊክ ነው፤ ቢፈትሽ ኖሮ ጉድለቱን ያገኘው ነበር ተባለ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኪት ካርን ጨርሶ መንገድ ላይ የሚያወጣው ማነው? እናንተ ናችኋ! ነገ ለሌላ ሰው ብትሸጡትና አደጋ ቢደርስ፣ «ፈትሸኸው ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል።

ሻጩ ግን በዚህ ነፃ አይወጣም። ፍሬኑ ከሣጥኑ ሲወጣ ተሰንጥቆ ከነበረ ተጠያቂው እሱ ነው። ሰው ከጎዳ ደግሞ አምራቹም ይጨመራል። ደረሰኙ ላይ «ባለበት ሁኔታ የተሸጠ» የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ሜሪላንድ ውስጥ ነጋዴ ለግል መገልገያ የሚሆን አዲስ ዕቃ ሸጦ በዚህች ቃል ከዋስትና ማምለጥ አይችልም። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ ልትሠራ ትችላለች።

ትልቁ ራስ ምታት ማስረጃ ነው። ሻጩ «ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቀህ አንተው ሰበርከው» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? ስለዚህ ሣጥኑን በመጣበት ሰሞን ክፈቱ። ከመግጠማችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ጉድለት ካያችሁ ቶሎ አሳውቁ፤ ገዢ በተገቢው ጊዜ ካላሳወቀ ሕጉ መብቱን ይነፍገዋል። በስልክ ነግሬያቸዋለሁ ማለት ደግሞ ኋላ ያጨቃጭቃል፣ ኢሜይል ጻፉ። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ አለብን፣ «ትንሽ ልታገሳቸው» እያልን ወራት እናሳልፋለን። የተሰበረውንም ዕቃ እባካችሁ አትጣሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንግባ። ሣጥኑን እስካሁን ሳይከፍት ጋራዥ ያስቀመጠ ካለ፣ መጀመሪያ እሱ እጁን ያውጣ።