ባዶ ክፍል ነውር አይደለም

የተከበራችሁ የቤት ማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን!

ኮሚቴው «አንቺ መጋረጃ ሰፊ ነሽ፤ የስንቱን ሰው ቤት ገብተሽ አይተሻል፤ ስለ ቤት ማሳመር አንድ ነገር በይን» ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። እንዳይጠፋብኝ ጽፌ ነው የመጣሁት።

እዚህ ያለነው ሁላችን እንተዋወቃለን። ከወር ደመወዝ እየቀነስን ስንቆጥብ፣ «ዘንድሮ ይደርሳል» እየተባልን ክረምት ስናሳልፍ፣ በዝናብ ድንኳን ሥር ቆመን ስብሰባ ስናካሂድ አብረን ነበርን። ዛሬ ቁልፉ እጃችን ገባ። በሩን ስትከፍቱ የምታገኙት ግን አራት ግድግዳ ነው። ስታወሩበት ድምፅ የሚመልስ ባዶ ክፍል።

እኔ የመጣሁት ስለዚህ ባዶ ክፍል ልናገር ነው። አትፍሩት። ለመሙላትም አትቸኩሉ።

የራሴን ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ ሳሎን ያለው ቤት የተከራየን ጊዜ፣ ባዶውን አንድ ሳምንት መታገሥ አቃተኝ። «ሰው ምን ይለናል» አልኩና ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ባለ ሰባት መቀመጫ ሶፋ ከነቡፌው አሳየኝ። «ይሄ ከሌለ ሳሎን አይባልም» አለኝ። አመንኩት። በዱቤ ወሰድኩ። የክፍሉን ወርድ አልለካሁም። በሩንማ ጭራሽ አላሰብኩትም።

ዕቃው መጣ። ሶፋው በበር አልገባም አለ። አቁመው ሞከሩ፣ አጋድመው ሞከሩ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። በመጨረሻ መስኮቱ ከነፍሬሙ ተነቀለና በመስኮት ገባ። መስኮቱን መልሶ ለማስገጠም ደግሞ ሌላ ብር ወጣ።

ሶፋው ገባ፣ እኛ መግቢያ አጣን። ቡፌው የመስኮቱን ግማሽ ሸፈነው፤ በቀትር መብራት ማብራት ጀመርን። እንዳይቆሽሽ ብዬ ሶፋውን በጨርቅ ሸፍኜ ለእንግዳ አስቀመጥኩት። ልጄ የቤት ሥራዋን ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትሠራ ነበር። እናቴ ከደምቢያ ልትጠይቀን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችና «ልጄ፣ እኔ የት ልቀመጥ?» አለችኝ። ሰባት መቀመጫ እያለ! ቡና አቀራርባ የምትጫወትበት አንድ ክንድ ወለል አልተረፈም ነበር። ዱቤውን ከፍዬ የጨረስኩት በዓመት ከስምንት ወሩ ነው። የእናቴ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እና ልጠይቃችሁ። ባዶ ቤት ነውር ነው ያለን ማነው? ለሠርግ ተበደርን፣ ለተዝካር ተበደርን፤ አሁን ደግሞ ለሶፋ እንበደር? በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ሳሎኑን ቆልፈን ልጆቻችንን ኩሽና እናሳድግ? የቆጠብነው እኛ ነን! ዝናብ የመታን እኛ ነን! ቤቱም መጀመሪያ የሚያገለግለው እዚያው ውሎ የሚያድረውን ሰው ነው!

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከመኖር። ፍራሽና በርጩማ ይዛችሁ ግቡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍሉን እዩት። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አስተውሉ። በእኛ በጎንደር ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። የደቡብ መስኮት ያለው ሰው በዚያ ብርድ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ድረስ ትገባለታለች። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። የምሥራቅ መስኮት ያለው የጠዋት ቡናውን እዚያ ያድርግ። የምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፤ ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋል።

ከዚያ ሜትርና ጠመኔ። ልትገዙ ያሰባችሁትን ዕቃ በልኩ ወለሉ ላይ ሣሉት። አልጋው እዚህ፣ ጠረጴዛው እዚያ። በመስመሮቹ መካከል ሂዱ። ሰው ሳይጋጭ ለማለፍ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። የበሩን ወርድና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። እኔ ይህችን ብቻ ባደርግ ኖሮ መስኮቴ አይነቀልም ነበር።

የፋሲልን ግንብ ሁላችን በልጅነታችን ገብተን አይተነዋል። ክፍሎቹ ዛሬ ዕቃ የላቸውም። ግን ማን ነው ገብቶ «ምንም የለም» ብሎ የወጣ? የድንጋዩ ግድግዳ አለ፤ በቅስቱ መስኮት የሚገባው ብርሃን አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ደግሞ ዓይናችሁ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ጣራው ላይ ወደተሣሉት የኪሩቤል ፊቶች። አባቶቻችን ጣራ አልረሱም። እኛ ነን የረሳነው። ኮርኒሳችሁን ነጭ ቀቡት፤ ዝቅ ያለ ክፍል ቀለል ይላል።

በሙያዬ ደግሞ ይህን ስሙኝ። የመጋረጃውን ዘንግ መስኮቱ አናት ላይ አታስመቱት። ወደ ኮርኒሱ አስጠጉት፤ ጨርቁ ወለል ድረስ ይውረድ። ክፍሉ ከፍ ብሎ ይታያል። የጨርቁ ወርድ የመስኮቱን እጥፍ ይሁን፤ አለዚያ ስትዘጉት እንደ አንሶላ ይወጠራል።

የግድግዳ ቀለም ላይ አትቸኩሉ። አዲስ ልስን አንድ ወር ገደማ ይድረቅ። የመረጣችሁትን ቀለም መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ቀብታችሁ ጠዋትም ማታም እዩት። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ፤ 3000 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፣ 6500 የሚለው ነጭ የሱቅ ብርሃን ነው። ለመኝታ ቤት የመጀመሪያውን ያዙ።

ለግድግዳም ሩቅ አትሂዱ። የእናቶቻችሁን ስፌት ከአልጋ ሥር አውጡና ስቀሉት። ለመደርደሪያ የወለቃ ሸክላ አለ።

ጽሑፌ እዚህ ላይ አለቀ። እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት ቡና አለ። ወንበር ገና አልገዛሁም። ቄጠማ እጎዘጉዛለሁ፤ በርጩማ ያለው ይዞ ይምጣ። ሜትሩና ጠመኔው አለኝ። ከእኔ ክፍል ጀምረን በየቤታችሁ እየዞርን እንለካለን።

አመሰግናለሁ።