ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶችም፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የመድረክ መሪያችን አሥር ደቂቃ ሰጥታኛለች። «ስለ ምልመላው ትንሽ በይ፤ የዓመቱንም ቁጥር አንብቢልን» ነው የተባልኩት። ቁጥሩ ታትሞ እጃችሁ ላይ አለ። እኔ ግን ከዚያ ቁጥር ጋር ልጣላ ነው የመጣሁት።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ወረፋ ላይ ቆማችሁ ያገኘኋችሁ አላችሁ። ጡረታ በወጣችሁ ማግስት የደወልኩላችሁም አላችሁ። ለልጆች የሚያነቡ በጎ ፈቃደኞችን መመልመል ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ሰው አመጣሽ?» «ስንቱ ዘለቀ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንድናገር ተጋበዝኩ። ወጣቶች ሞልተውበታል። ማይኩን ያዝኩና «በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ናት! ከባድ ነገር የለውም፤ ልጅ መውደድ ይበቃል» አልኩ። ተጨበጨበ። ስም መጻፊያው ወረቀት አራት ገጽ ሞላ። ፎቶ ተነሳን። ያን ቀን ማታ ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

ከተመዘገቡት መሃል አንድ ወጣት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያነብ ደግሞ ለያንዳንዱ እንስሳ የተለየ ድምፅ ያወጣል። ከአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጋር አገናኘነው። ቀናቸው ማክሰኞ፣ ሰዓታቸው ዘጠኝ።

ልጅቷ ስትመጣ የምታነበው ፊደል በፊደል ነበር። ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ጣቷን ከመስመሩ ሥር ትጫናለች። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ጠፍቷታል። መምህራን ይህን ታውቁታላችሁ። ሐሳቧ ሁሉ ፊደሉን በመለየት ያልቃል፤ ለትርጉሙ የሚተርፍ የለም። ስንፍና አይደለም። ፊደሉ ያለ ሐሳብ እስኪወጣላት ድረስ ደጋግማ፣ ደጋግማ ማንበብ ነው ያለባት። ደግሞ ሳይሰለች የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ እሱ አነበበላት። በሁለተኛው አንድ ገጽ እሷ አነበበችለት። በሦስተኛው ማክሰኞ እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ጥንቸሏ ጉድጓዷን ስትፈልግ የጎረቤቷ ቤት ውስጥ ዘው የምትልበት ቦታ ላይ ደረሰች፤ ሳቀች። እሱ ድምፁን ስለቀየረ እንዳይመስላችሁ። ራሷ ያነበበችው ነገር አሳቃት። ይህን ያየ ሰው ለምን እንደምለፋ ይገባዋል።

በአራተኛው ማክሰኞ ወጣቱ አልመጣም።

አልደወለም። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ያቆሙበትን ገጽ በቁራጭ ወረቀት ምልክት አድርገውበት ነበር፤ እዚያው ላይ ከፍታዋለች። «ዛሬ እኔ ላንብብልሽ?» አልኳት። «አይ፣ ይመጣል» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። በአምስተኛውም ማክሰኞ ጠበቀች። በስድስተኛው ግን አልተቀመጠችም። ቁራጯን ወረቀት ከመጽሐፉ ውስጥ አወጣች፣ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መለሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ቀስ ብዬ ስለማነብ ሰልችቶት ነው?» አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ወጣቱን አልወቅሰውም። ሥራ አግኝቶ ነበር፤ እሰየው። «አንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለስንት ሳምንት እንደሆነ አልነገርኩትም። ልጅ እንደሚጠብቀው አልነገርኩትም። በዚያ ዓመት ሪፖርት ውስጥ ግን ስሙ «ከተመለመሉት» መሃል ተቆጥሯል። እንደ ስኬት!

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ ስለ ንባብ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ከበጎ ፈቃደኛ አዋቂዎች ጋር ስለተጣመሩ ታዳጊዎች ነው። ግንኙነታቸው ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ልጆች ከሁሉም በላይ ተሻሽለው ተገኙ። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወረደ። ወረደ ነው የምላችሁ! በመሃል ጥሎ የሚሄድ ሰው ልጅን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ታዲያ እኛ ምን ስናደርግ ከረምን? ረጅሙን የስም ዝርዝር ላመጣ ሰው የምስክር ወረቀት ስንሰጥ!

ስም የተጻፈበት ወረቀት ለማንም ልጅ አንብቦ አያውቅም። አራት ገጽ ሙሉ ስም ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት አንዲት ወንበር ካልሞላ፣ እኔ የሰበሰብኩት ሰው ሳይሆን ቀለም ነው። በቃ፣ ይህን ቁጥር ከዚህ በኋላ በኩራት አላነብም!

«ችግሩ እኮ ሰፊ ነው፣ ብዙ ሰው ያስፈልገናል» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶዎቹ ቀላል ታሪክ አንብበው መረዳት አይችሉም። እኔም ይህን አንብቤ ተሯሩጫለሁ። ግን ልጅ በጅምላ አይነበብለትም። ለአንዷ ልጅ የሚያስፈልጋት አንድ ሰው ነው፤ ያው ሰው፣ በዚያው ቀን።

አሁን ስመለምል የምጀምረው ከቀኑ ነው። «እስከ ዓመት ድረስ ማንም የማይነካብህ ቀን የትኛው ነው?» እላለሁ። ብዙው ሰው ወደኋላ ይላል። ይበል። «አልችልም» ያለኝ ሰው እውነቱን ነግሮኛል፤ አመሰግነዋለሁ። መጽሐፍ የሚጠግን፣ በደረጃ የሚለይ፣ መኪና የሚያውሰን ሰውም እንፈልጋለን።

በዚህ ጥያቄ ካገኘኋቸው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጡ የማሽን ሠራተኛ ናቸው። ዛሬ እዚህ አሉ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። «እኔ ራሴ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ምን እጠቅማለሁ?» ብለውኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሆናቸው። ልጁ ቃል ላይ ሲሰናከል ዝም ይላሉ። በሥልጠናችን ላይ አምስት ሰከንድ ጠብቁ እንላለን፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ከተዘጋጀ የንባብ ድጋፍ ስልት የወሰድነው ነው። አምስት ሰከንድ ስትጠብቁት ረጅም ነው። ብዙ የተማረ ሰው አይችለውም፤ ዘሎ ቃሉን ይነግረዋል። እሳቸው ይጠብቃሉ። ልጁ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ራሱ ያወጣዋል። «ጎሽ» ይሉታል። ሌላ አይሉም።

የቀረኝ ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ ሌላውን ቶሎ ልበል። የዋስና የፖሊስ ማጣሪያው ረዘመ ብላችሁ የምታማርሩ አላችሁ። አያጥርም። ልጅ ነው የምንሰጣችሁ። ሁለተኛ፣ የምትቀሩ ከሆነ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ደውሉ፤ ተተኪ አዘጋጅተናል። ቦርዱን ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሚመጣው ዓመት ሪፖርት ላይ «የተመዘገቡ» ከሚለው ጎን «በ12ኛው ሳምንት ያሉ» የሚል ዓምድ ይጨመር። ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል። እኔ ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ።

አዲሱ ቅጽ በሩ አጠገብ ነው። ከስማችሁ በፊት ቀኑን ነው የሚጠይቀው። ቀን የሌላችሁ ዛሬ አትሙሉት፤ ሲኖራችሁ ደውሉልኝ። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት የሚመቸው ሰው ካለ ግን ከመሄዱ በፊት ያናግረኝ። የሰባት ዓመት ልጅ አለን፤ እስካሁን ሰው አላገኘንለትም።

አመሰግናለሁ።