ለሌላ ሰው ኮድ ተጠሪ መሆን

ደብረ ብርሃን ለተሰበሰቡ የኮምፒውተር ተማሪዎችና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከአንኮበር፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ችላችሁ በጠዋት ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ የሸዋ ሮቢት ልጆች፤ ጋቢ የሚያውሳችሁ ዘመድ እዚህ እንደማይጠፋ ተስፋ አለኝ።

የማወራችሁ አብዛኞቻችሁ በእጃችሁ ነክታችሁት ስለማታውቁት ዕቃ ነው፤ ስለ ፓልም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓይለት 1000 እና ፓይለት 5000 ተብሎ ገበያ የወጣ፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ ሸሚዝ ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ነበር። ቀጠሮ ይይዛል፣ አድራሻ ይይዛል፣ የሚሠራውን ሥራ ይመዘግባል። የመጀመሪያው 128 ኪሎባይት፣ ሁለተኛው 512 ኪሎባይት ነበራቸው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ አይገባባቸውም።

ታዲያ ይህን አሮጌ ዕቃ ምን አስነሳው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ፓኬጅ ማዘጋጀት፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በቀላሉ እንዲጫን አድርጎ ማሰናዳት፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በእሱ ሶፍትዌር ነው። እዚህ አገር ፕሮግራም ጻፊ ይከበራል፤ የተጻፈውን ሊኑክስ በተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ላይ አስተካክሎ የሚያስገባውን ግን ማንም አይጠይቀውም። እህሉን ያመረተው ሌላ ነው፣ ጭነቱን አስሮ ገበያ የሚያደርሰው ሌላ፤ ጭነቱ መንገድ ላይ ሲያጋድል የሚጠራው ያሰረው ነው። የፓኬጅ ተጠሪ ማለት እሱ ነው።

ዴቢያን ከሊኑክስ ስርጭቶች፣ ዲስትሮ ከሚባሉት፣ አንዱ ነው። የእሱን ፓኬጅ፣ ዴብ የሚባለውን ፋይል፣ ብትከፍቱት ውስጡ ሦስት ነገር ነው ያለው፤ የፎርማቱን ቁጥር የያዘች አንዲት መስመር፣ የፓኬጁ ስምና ጥገኝነቱ (እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች) የተጻፈበት ማኅደር፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚራገፈው ማኅደር። ይህን ማንም ይሠራዋል። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው፤ ላሳያችሁ።

ፓልምን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ፓይለት ሊንክ ይባላል። ጄ ፓይለት ደግሞ በላዩ ሆኖ ቀጠሮውንና አድራሻውን በመስኮት የሚያሳይ ነው። አሁን ፓልሙን በዩኤስቢ ሰኩት። ሊኑክስ ምንም አያይም። ሆትሲንክ የሚባለውን ቁልፍ ስትጫኑ ብቻ ነው ዕቃው አለሁ የሚለው፤ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይጠፋል። በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ተሻሚዎች ይጠብቁታል። አንዱ ቫይዘር የሚባለው፣ በሊኑክስ እምብርት በከርነሉ ውስጥ ያለ፣ ዕቃውን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባ ድራይቨር ነው። ሌላው ፓይለት ሊንክ ከ0.12 እትም ጀምሮ የያዘው፣ ሊብዩኤስቢ በተባለ ላይብረሪ በኩል በቀጥታ የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ቫይዘር ቀድሞ ከያዘው ሁለተኛው ባዶ እጁን ይቀራል። በቫይዘር በኩል እንሂድ ብትሉ ደግሞ፣ በዴቢያን ያ መስመር የሚፈቀደው ዳያልአውት ለተባለው ቡድን አባላት ነው። ተጠቃሚው እዚያ ቡድን ውስጥ ከሌለ የሚያየው «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ነው፤ ከዚያ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል።

የፓይለት ሊንክ ደራሲዎች ይህን ከሩቅ ሊፈቱት አይችሉም። የትኛው ዲስትሮ የትኛውን ድራይቨር ቀድሞ እንደሚጭን፣ ለማን ፈቃድ እንደሚሰጥ የሚያውቀው የዲስትሮው ሰው ነው። ዕቃ ሲሰካ ምን እንደሚደረግና ለማን እንደሚፈቀድ የምትወስን አንዲት የዩዴቭ ደንብ ጽፎ ፓኬጁ ውስጥ ይከታል፤ ተጠቃሚው ችግሩ መኖሩንም ሳያውቅ ያልፋል። የሙያው መልክ ይኸው ነው፤ በደንብ ሲሠራ አይታይም።

ወደ ማበልጸጊያ መሣሪያዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹ ፓልሞች አንጎል ድራጎንቦል የተባለ የሞቶሮላ ፕሮሰሰር ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚጻፈው በላፕቶፕ፣ የሚሮጠው በሌላ ዓይነት ማሽን ነው። ለዚህ የተሠራው ፒአርሲ ቱልስ የሚባለው ስብስብ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉመው ኮምፓይለር፣ በጂሲሲ 2.95.3 እትም፣ ላይ የቆመ ነው፤ ያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የዛሬው ኮምፓይለር ያንን አሮጌ ኮድ ሲያይ በየገጹ ይነጫነጫል። ተጠሪው እያንዳንዱን ማስተካከያ በተራው ያስቀምጣል፣ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ለዋናው ደራሲም ይልካል። ማስተካከያን ለራስ ብቻ ደብቆ ማስቀመጥ በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ትልቁ ነውር ነው።

ፈቃድም አለ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ተመሠረተ፤ በ1997 ደግሞ ነጻ የሚባለው ሶፍትዌር ምን እንደሆነ የሚወስነውን ቃል ኪዳኑን አወጣ። የፓልምን ፕሮግራም ያለ ፓልም ለመሞከር ዕቃውን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ኢሙሌተር ያስፈልጋል። የኢሙሌተሩ ኮድ ነጻ ነው፤ የሚያስነሳው ሮም፣ የፓልሙ ውስጠኛ ሶፍትዌር፣ ግን የኩባንያው ንብረት ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በዴቢያን ዋናው ክፍል አይገባም፣ ኮንትሪብ ለተባለው ክፍል ይመደባል። ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ሁሉም ነገር ተሰብሮ በፍላሽ በሚዞርበት አገር ማን ፈቃድ ያነባል ይላሉ። ኮፒራይት የሚለውን ፋይል የማያነብ ሰው ፓኬጅ አያዘጋጅ፤ በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በመንዝ በግ ሲመዘን፣ ግልገል ሲመዘገብ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት መረጃውን በፓልም ሲሰበስብ ቆይቶ ተዘጋ። ዕቃዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀሩ። በእነዚያ ሞዴሎች ባትሪው ሲያልቅ ማህደረ ትውስታው አብሮ ይጠፋል፤ የተረፈው አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ የነበረው ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂውን በቤት ሠራሽ ፕሮግራም የከፈተ አንድ ልጅ ግን በጎቹ ፓልም የሚባል ኩባንያ ሳይፈጠር ተመዝነው አገኛቸው።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ፓልም ቀንን በ16 ቢት ነው የሚጽፈው፤ ሰባቱ ለዓመት፣ አራቱ ለወር፣ አምስቱ ለቀን። ዓመቱ የሚቆጠረው ከእ.ኤ.አ. 1904 ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2003፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. የተመዘነች በግ ቀኗ በሁለት ባይት ይቀመጣል። ድራጎንቦል ትልቁን ባይት ያስቀድማል፣ የእኛ ላፕቶፕ ትንሹን። ሁለቱ ባይት ቦታ ሲለዋወጡ የሚወጣው ግንቦት 29 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ ቢዘበራረቅ ኖሮ ሰው ይነቃ ነበር፤ ይህ ግን ደህና ቀን ስለሚመስል ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ፓይለት ሊንክ ይህን መገለባበጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዴቢያንም ፓኬጆቹን በብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ይገነባል፤ ከነዚያ አንዱ ኤስ390ኤክስ ትልቁን ባይት የሚያስቀድም ነው። ፈተና የተጻፈለት ፓኬጅ ከሆነ ስሕተቱ ተጠቃሚ ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ይያዛል።

ሰባት ቢት እስከ 127 ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በዚህ አጻጻፍ የሚያዘው የመጨረሻ ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 2031 መጨረሻ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ለወር የተመደበው አራት ቢት እስከ 15 ስለሚቆጥር ጳጉሜንን መያዝ ይችል ነበር፤ ያላሰበበት ፕሮግራሙ ነው። ፊደላችን ግን አልገባበትም። የፓልም ጽሑፍ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ ከ256 አይዘልም፤ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ከሦስት መቶ በላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ በዚያ መዝገብ የበግ አርቢው ስም ሁሉ በላቲን ነው፣ አንዱ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ።

ከሻይ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ እንገናኛለን። ኢንተርኔቱ እንደሚያስቸግር ስለማውቅ የፓይለት ሊንክንና የጄ ፓይለትን ሶርስ ኮድ ከነጥገኝነታቸው በፍላሽ ይዣለሁ። በየሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ኮፒራይት ፋይሉን እየጻፈ ሌላው ይገንባ፣ ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። የበጎቹም ቅጂ ስላለ ቀናቸውን አንብባችሁ ለሞከራችሁት ፓኬጅ አንድ ፈተና ጻፉለት። አመሰግናለሁ።