«ስለ ወንዙ ምን ገዷችሁ» አትበሉን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ የጅማ ልጆች፣ አካም ጅርቱ! እንኳን ለዓለም አካባቢ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ግንቦት 28 ነው። ስለ ችግኝ ሌሎች ይናገራሉ። እኔ አንድ ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለኝ።

ባለፈው ስለ አዌቱ ጽዳት ስብሰባ ተጠርተን ነበር። አዌቱን ታውቁታላችሁ፣ የከተማችን ወንዝ ነው፤ ዛሬ ፌስታሉም፣ የጋራዡ ዘይትም፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽም መድረሻው እሱ ሆኗል። ታች ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት እጇን አወጣች። ከዳውሮ መጥታ እዚሁ ጅማ ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት። ክረምት ሲመጣ ውሃው ቆሻሻውን ይዞ ቤቷ እንደሚገባ፣ ልጆቿ በተቅማጥ እንደሚሰቃዩባት፣ ቆሻሻው የሚመጣው ግን ከላይ ካሉት ሰፈሮች እንደሆነ ተናገረች። ሳትጨርስ መድረክ ላይ የነበረው ሰውዬ አቋረጣት። «እናንተ እንጀራ ፍለጋ የመጣችሁ፣ ስለ ወንዙ ምን ገዷችሁ?» አላት። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች፣ እስከ መጨረሻው አልተነፈሰችም። ቃለ ጉባኤው ላይ የተናገረችው የለም፤ ጠይቄ አይቻለሁ።

ይህን ወሬ ቡና ላይም እንሰማዋለን። እነ እከሌ ደን ጨራሽ ናቸው፣ እነ እከሌ ከሰል አክሳይ ናቸው ይባላል። ውሸት ነው! ኦሮሞ ኦዳን አክብሮ አኑሯል። አማራ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ደን አቆይቷል። የየም ሰው በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቦር ተራራ ወጥቶ መድኃኒት ይለቅማል፣ ጫካው ከሄደ መድኃኒቱም እንደሚሄድ ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም። የከፋ ንብ አናቢ ነጭ ማሩን የሚያገኘው ጌተም የሚባለው የጫካ ዛፍ ሲያብብ ነው። ታዲያ ግድ የሌለው ማን ነው? ከሰል የሚያከስለው መሬት ያጣ ድሃ ነው፤ ከሰሉን የምንገዛው ግን እኛ ከተሜዎቹ ነን፣ ከየብሔሩ!

በሰው አገርም እንዲሁ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ሰዉ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና ድሆች ስለ አካባቢ ብዙም አይጨነቁም ብሎ ይገምታል። እነሱ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ጭንቀታቸው ከነጮቹ አያንስም፣ እንዲያውም ይበልጣል። ግምቱ ደግሞ የነጮቹ ብቻ አልነበረም፣ ጥቁሩም ስለ ወገኑ እንደዚያው ይገምታል። እስኪ አስቡት፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ዋረን በሚባል አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት አካባቢ፣ መርዝ የነካው አፈር ሊቀበርባቸው ሲል መንገድ ላይ ተኝተው የጭነት መኪና ያስቆሙ ሰዎች ናቸው! ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። አፈሩም ተቀበረባቸው።

ቆሻሻ የሚያሳስበው የሚደርስበትን ሰው ነው፣ ብሔሩ ምንም ይሁን። በቡና ወቅት የማጠቢያ ጣቢያዎቹ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ከታች ያለውን ገበሬ ጠይቁት፣ ሽታውን ይነግራችኋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ታች ሰፈር ይሁን፣ የሰፈሩ እናቶች መጀመሪያ ይናገሩ። ያቺ ሴት የተናገረችውም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፣ ከነሙሉ ቃሏ። ኃላፊዎቹ እዚህ ስላላችሁ መልሱን ዛሬውኑ እጠብቃለሁ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።